የኋላ ማርሽ ለሌላት መኪናዬ ስለተሰጠኝ ቦሎ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ዝናው
የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች በሙሉ፣ እንዲሁም ፀሐይ እንዳትነካዎ በመስኮትዎ ላይ ለተሰቀለው መጋረጃ ሳይቀር የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎንስ ተሻለዎት? መኪናዬን የመረመሩ ዕለት ጎንበስ ማለት እንዳልቻሉ አይቼ ስለነበር ያ ወገብ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልጠፋም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከቤት ወጥቼ የሰው ዓይን ማየት ካለመቻሌ በስተቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ቢሮዎ ማስገባት ይቻለኝ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ የእርስዎና የእኔ ብቻ ስላልሆነ፣ ክቡርነትዎም በሰው ፊት ስምዎ ሲነሣ ደስ እንደሚልዎ ስለማውቅ፣ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ ልኬ ሌላውን በመናኸሪያው ግድግዳ፣ ሌላውን በጋራዤ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያንብብለት።

ለማያውቁኝ፣ ሰዑድ አብዱልከሪም እባላለሁ፤ ሐይቅ ከተማ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ያለችው ጋራዥ የእኔ ናት። ነገሩ የጀመረው በስልኬ ነው። በሰው አገር ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ከዚያ ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ መኪኖቹ የሉም። ድራግ ይሉታል። ኩርባ የለው፣ ዳገት የለው፣ ቀጥ ያለ አስፋልት ብቻ። መኪኖቹ ፊታቸው ዝቅ፣ ኋላቸው ከፍ ያለ፣ የኋላ ጎማቸውም የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ነው። እኔም አባቴ ትቶልኝ የሞተውን፣ ዶሮ ሲያድርበት የኖረውን አሮጌ የቤት መኪና አየሁና ልቤ ተነሣ። አጉል ልብ ነው። የፊት ሞላዋን ቆርጬ አወረድኳት፣ ከኋላዋ የጭነት መኪና ጎማ ገጠምኩላት፣ ኮፈኗን ቀድጄ ከቆርቆሮ የአየር መሳቢያ አወጣሁላት፣ ቀይ ቀለም ቀባኋት። የሰፈር ልጆች ፌንጣ አሏት፤ እኔም ስሙን ወደድኩት።

ነገር ግን ሕግ አክባሪ ነኝ። እኛ ዘንድ መሮጫ ሜዳ የለም፤ ያለን በውጫሌ በኩል የሚያልፈው አስፋልትና ወደ ገጠሩ የሚገባው ጠጠር ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ ከበግና ከግመል በስተቀር ያለ ታርጋና ያለ ቦሎ የሚሄድ የለም። እኔ የፈለግሁት ሰው አገር ያየኋትን የመሰለች፣ ሆኖም ትራፊክ ሲያስቆማት አንገቷን ቀና የምታደርግ መኪና ነበር። ስለዚህ ፌንጣን ይዤ ወደ ክቡርነትዎ መጣሁ። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በቁጥር በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩. ስለ ጃንጥላው። የድራግ መኪና ሊቆም ሲል ከኋላው እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ጨርቅ አለው፤ ነፋሱን ይይዝና መኪናውን ይገታል። እኔም ከአሮጌ ድንኳን ሸራ ሰፍቼ አንድ አበጅቼላት ነበር። ክቡርነትዎ አይተው፣ መኪና በጨርቅ ቆሞ እንደማያውቅ፣ ቆሞ ከሆነም በመመሪያው ላይ እንዳልተጻፈ በትዕግሥት አስረድተው አስወለቁኝ። ትክክል ነበሩ። ሸራው ላይ ዛሬ እናቴ በርበሬ ታሰጣበታለች፤ ባሰጣች ቁጥርም ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ ትለምናለች።

፪. ስለ ስፖኪዮው። ወደኋላዬ በሚገባ ማየት እንድችል ከግራም፣ ከቀኝም፣ ከመሀልም ትልልቅ ስፖኪዮ እንዳስገጥም አዘዙኝ። አስገጠምኩ። ከዚህ በታች በምተርከው ቀን በሦስቱም ከኋላዬ ያለውን ሁሉ ጥርት አድርጌ አይቻለሁ። ያቃተኝ መሄዱ ነው።

፫. ስለ መብራቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘገይ ነውና ይታገሡኝ። የፌንጣ ካምቢዮ የኋላ ማርሹ ጥርስ ድሮ አልቋል። ደሴ ድረስ ሄጄ ፈልጌ አጣሁለት። ያጡትን ነገር ድሮም አልፈልገውም ማለት የሰው ልጅ ጠባይ ነውና፣ ድራግ መኪና ወደኋላ ሄዶ ምን ሊያመጣ ነው ብዬ ተውኩት። በመተው ብቻ ባበቃሁ። የኋላ መስታወቷ ላይ በትልልቅ ፊደል «ወደኋላ የለም» ብዬ አጻፍኩባት። አፌ ዕረፍት አያውቅም።

ክቡርነትዎ ፌንጣን አንድ ጊዜ ዞረው ካዩ በኋላ የጎደላት ነገር ቢኖር የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚበራው ነጭ መብራት ብቻ መሆኑን ነገሩኝ፤ አስገጥመህ ና አሉኝ። አስገጥሜ መጣሁ። ከኋላዋ ቆመው «እስቲ አስገባው» አሉ፤ መብራቱም ቦግ አለ። «ጎበዝ» አሉኝ። አንድ ክንድ ያህል እንኳ ወደኋላ በላት አላሉኝም። ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ፣ እኔም በእርስዎ ግቢ ብቻዬን አፍሬ በተመለስኩ ነበር። መስታወቱ ላይ የተጻፈውን አንብበው ሳቁ፣ ወጣት ማለት እንዲህ ነው አሉ፣ ከመሪው ኋላ ተቀምጠው ፎቶ ተነሡ፣ ቦሎውንም በገዛ እጅዎ ለጠፉልኝ። ማርሽ የሌለው መኪና የማርሽ መብራቱ እንዴት ሊበራ እንደቻለ እርስዎ አልጠየቁም፤ እኔም አልነገርኩዎትም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

በእኛ አገር አዲስ ነገር ያለ ዱዓ ከደጅ አይወጣም። ቦሎው በተለጠፈ ማግስት እናቴ ጎረቤቱን ጠራች፤ ትልልቆቹ ጋራዡ ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀመጡ። ከአርዲቦ ወገን ለገበያ የመጡት እማማ ዑምኩልሱም፣ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ተነሡና እጃቸውን ኮፈኗ ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ አላህ ከፊትህ እንቅፋቱን ሁሉ ያንሳልህ» አሉኝ። ሁላችንም አሚን አልን። ያቺን ዱዓ ክቡርነትዎ ለጊዜው በልብዎ ይያዙልኝ።

፬. ስለ ሠርጉ። ይህን በቁጥር ባላስገባው ደስ ባለኝ። እህቴ ሱረያ ለአርዲቦ ሰው ታጭታ ነበር። የሙሽራ መኪና ከደሴ እንከራይ ሲባል፣ እኔ ቦሎ ያላት መኪና እያለችኝ ምን ሲደረግ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሱረያ አልወደደችውም፤ «ሰዑድዬ፣ ተወኝ፣ እሷ እኮ መኪና አትመስልም» ብላኝ ነበር። ቦሎውን አሳየኋት። መንግሥት ያመነውን አንቺ ልትጠራጠሪ ነው ወይ አልኳት። ታላቅ ወንድሟ ነኝና አመነችኝ።

በሠርጉ ቀን ፌንጣ በአበባና በሪባን ተሸልማ ከፊት፣ ሚኒባሱና ባጃጆቹ ከኋላ ሆነው ከሐይቅ ወጣን። ወደ አርዲቦ የሚወስደውን ጠጠር ይዘን፣ ግራና ቀኙ ቦይ የሆነ፣ ከአንድ መኪና በላይ የማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገባን። ከበሮው ይመታል፣ ልጃገረዶቹ ይዘፍናሉ፣ እኔ ያጀበኝን ሰው በሦስቱም ስፖኪዮ እያየሁ በኩራት እነዳለሁ። ከመሀሉ ስደርስ ከወዲያ በኩል ጀናዛ መጣ።

ሠርግና ጀናዛ መንገድ ላይ ሲገናኙ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ክቡርነትዎም የዚሁ አገር ሰው ነዎትና አላስተምርዎትም። ከበሮው ይቆማል፣ ሠርገኛው ከመኪና ይወርዳል፣ መንገድ ይለቃል፣ ጥቂት እርምጃም ይሸኛል። ሙሽራ ብትዘገይ ቤቷ አይጠፋባትም፤ ሟች ግን አይዘገይም። ከኋላዬ የነበሩት ባጃጆች አንድ በአንድ ወደኋላ ተመለሱ። ሚኒባሱም ተመለሰ። እኔ ቀረሁ።

ጀናዛውን የተሸከሙት ሰዎች መንገድ እስክለቅላቸው ቆመው ጠበቁ። እንደሌለ እያወቅሁ የምፈልገው መስዬ የማርሹን ዘንግ ወዲህና ወዲያ አንገላታሁት። ወላሂ፣ ማስመሰል ሰውን እንዲህ ላብ በላብ እንደሚያደርግ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። «ሰዑድ፣ ወደኋላ በላት እንጂ፣ ምን ሆነህ ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብዬ ሳይ፣ ከቃሬዛው ሥር ከፊት በኩል ትከሻውን ያስገባው አብሮ አደጌ አብደላ ነው። የእማማ ዑምኩልሱም ልጅ። ሊነጋጋ ሲል አርፈው ኖሯል፤ እኛ በሠርጉ ጉድ ጉድ አልሰማንም። ከፊትህ እንቅፋቱን ያንሳልህ ያሉኝ ሴት ከፊቴ ነበሩ፤ እንቅፋታቸው ሆኜ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ጀናዛ አንዴ ከትከሻ ከወጣ መቃብሩ ሳይደርስ መሬት አይቀመጥም። ስለዚህ ግማሹ ሰው እማማን እንደተሸከመ ፀሐይ ላይ ቆመ፤ ግማሹ ወደ እኔ መጣ። ለቀብሩ ከሐይቅ እስጢፋኖስ በእግራቸው የመጡት መሪጌታ መልከ ጼዴቅ፣ የእማማ የብዙ ዘመን ወዳጅ፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ከሁሉ ቀድመው ትከሻቸውን ኮፈኗ ላይ አሳረፉ። «በሉ ቀስ አድርጉ፣ ሙሽራ አለች» አሉ። ሌላው ተከተላቸው። ለቅሶ የወጣ ሰው የእኔን መኪና ገፋ።

ሱረያ ልትወርድ አልቻለችም። ሙሽራ ከአባቷ ደጅ ከወጣች የባሏን ደጅ ሳትደርስ እግሯ መሬት አይነካም ብላ እናቴ አስጠንቅቃታለች። እናም እህቴ ቬሏን እንደለበሰች፣ ፊቷን ወደ ባሏ ቤት አድርጋ፣ በሐዘንተኛ ትከሻ ወደ አባቷ ቤት ተገፋች። እኔ መሪ ይዤ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ክቡርነትዎ ያስገጠሙኝ ነጭ መብራት ቦግ ብሎ በርቶ ስለነበር፣ በዚያ በኩል መመሪያው አልተጣሰም።

ሰፋ ያለ ቦታ ስንደርስ ከዳር አስቆሙኝና ጀናዛው አለፈ። ሠርገኛው ሁሉ ወርዶ ሸኘ። እኔ ግን መሪውን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። ከዚያ እስከ ባሏ ደጅ ድረስ ሱረያ አንድ ነገር ብቻ ተናገረችኝ። «ያሳየኸኝ ወረቀት ይሄን አያውቅም ነበር?» አለችኝ። ለመልስ ወደ ቤታችን የመጣችው በባጃጅ ነው። ባጃጁ ደጃችን ላይ ወደኋላ ብሎ ሲዞር ሁላችንም ቆመን አየነው።

ሰው የሚያፍረው ሲሰደብ ይመስለኝ ነበር። ለቅሶውን ለመድረስ ቀናት ፈጀሁ፤ ስድቤን ልቀበል ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ቢሰድቡኝ ምንኛ በቀለለኝ። የወሎ ሰው ግን ሊቀጣህ ሲፈልግ ያከብርሃል። ከፊት አስቀመጡኝ፣ ከሽማግሌዎቹ ቀድሜ እጄን አስታጠቡኝ። አብደላ ከአጠገቤ ተቀመጠና እኔ እሱን ማጽናናት ሲገባኝ እሱ እኔን አጽናናኝ። «አብሽር ሰዑድ፣ እናቴ በሕይወቷም ችኩል አልነበረችም» አለኝ። «አንተ ምን ታደርግ፣ መብራቱ በርቶ አይቻለሁ እኮ። ማርሹ ገብቶልሃል፣ እንቢ ያለችህ መኪናዋ ናት። መንግሥት መርምሮ ያሳለፋትን አንተ በምን ልታውቅ?» እኔም አንገቴን ደፋሁ። አብደላ ያጎረሰኝንም በላሁ።

ከዚያ ወዲህ የምኖረው ኑሮ ይህ ነው። መስጊድ ከኋላ ረድፍ እቆማለሁ፣ ኢማሙ ሳይዞር እወጣለሁ። ገበያ በሚቆምበት ቀን ጋራዤን እዘጋለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ በእግሬ ስሄድ ካዩኝ ወደኋላ ብለው መንገድ ይለቁልኛል፤ አንዳቸውም አይስቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

፭. ስለ ክብሩ። በዚህ ሐፍረት ላይ እንዳለሁ የክቡርነትዎ መልካም ዜና ደረሰኝ። የፊታችን ቅዳሜ በሚከበረው የመንገድ ደኅንነት ቀን ፌንጣ ሰልፉን እንድትመራ፣ ክቡርነትዎም ከጎኔ ተቀምጠው እጅዎን እያወዛወዙ በዚያው በጠባቡ መንገድ አልፈን አርዲቦ ዳር ድረስ እንድንሄድ፣ በዚያም «ሕግን ያከበረ የወጣት ፈጠራ» ተብዬ እንዲጨበጨብልኝ ተወስኗል። የአብደላ ደጅ ከመንገዱ ዳር ነው። የለቅሶው ድንኳን ገና አልተነሣም።

ስለዚህ ቢሮዎ መጥቼ መኪናዬን ከምርመራው ይጣሉልኝ ብዬ ለመንኩ። አሳልፉኝ የሚል እንጂ ጣሉኝ የሚል ባለጉዳይ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ ሻይ ሁሉ አዘዙልኝ። የኋላ ማርሽ የላትም አልኩዎት። መዝገቡ ላይ አለ ይላል አሉኝ። ይምጡና ይዩ አልኩዎት። አንዴ የጸደቀ ቦሎ ዓመቱ ሳይሞላ እንደማይሻር፣ ከተሻረም ማን አጸደቀው የሚል ነገር እንደሚያመጣ፣ ስሜም በፕሮግራሙ ላይ ስለታተመ ወደኋላ መመለስ እንደማይቻል አስረዱኝ። ያን ጊዜ እርስዎንና ፌንጣን የሠራችሁ አንድ እጅ መሰለኝ። ነገር ግን ፌንጣን የሠራሁት እኔ ነኝና በዚህ ልኮራ አልችልም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ያልሻሩትን እኔ ልሽረው ነው። ከዚህ በታች ያለው ቃል ለእርስዎ አይደለም፤ ማንበብ ግን አይከለከሉም።

አብደላ ወንድሜ፣ ማርሹ አልገባም ነበር። የሚገባ ማርሽ አልነበራትም። ያየኸው መብራት ከማርሹ ጋር አልተያያዘም፤ ከመሪው ሥር በደበቅሁት ማብሪያ ነው የሚበራው፤ ማብሪያውንም የምጫነው እጄ ሳይንቀሳቀስ በጉልበቴ ነው። መርማሪውን ያታለልኩት በሱ ነው። ያን ቀን ደግሞ አንተ እናትህን ተሸክመህ ፀሐይ ላይ ቆመህ ስትጠራኝ፣ እኔ ያንኑ ማብሪያ ተጫንኩት። መብራቱ ቢበራ ሰው መኪናዋ ድንገት ተበላሽታበት ነው ይላል ብዬ ነው። እንዳሰብኩትም ሆነ፤ አንተው አልክልኝ። እማማን ያስቆምኳቸው በመኪና ብልሽት አይደለም፤ በእኔ ውሸት ነው። መንግሥት አላወቀም፤ እኔ አውቅ ነበር። አውፍ ብለህ ይቅርታ የሰጠኸው ለሌላ ሰው ነው፤ ለዚያ ያዘንክለት ሰው። እሱ የለም። ስለዚህ አውፍታህን መልሼልሃለሁ። እንደገና ልትሰጠኝ ብትፈልግ፣ አሁን ለማን እንደምትሰጥ አውቀህ ነው። ባትሰጠኝም ከእጅህ የበላሁት ይበቃኛል።

ሱረያ፣ ወረቀቱ አያውቅም ነበር። ወንድምሽ ያውቅ ነበር።

መሪጌታ፣ ትከሻዎን ይማርልኝ።

ክቡር አቶ ዝናው፣ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ወገብዎ እንዲቀናልዎ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ባሳለፉልኝ ነገር ሁሉ እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳዎ መሆኔን በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ሐፍረት አረጋግጣለሁ።

ትራፊክ ያላስቆመው፣ ጀናዛን ያስቆመ፣
ሰዑድ አብዱልከሪም
ከሐይቅ

ማሳሰቢያ፦ ፌንጣን ትናንት ጋራዤ ውስጥ አስገብቼ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ አቁሜያታለሁ። ቁልፏ ላይዋ ላይ ነው፣ በሩም ክፍት ነው። ለቅዳሜው ሰልፍ ከፈለጓት መጥተው ይውሰዷት፤ በመዝገብዎ ላይ የኋላ ማርሽ አላትና ወደኋላ ብለው ያውጧት። እንቢ ካለችዎ የጽሕፈት ቤትዎን ሰዎች ይዘው ይምጡና ከፊቷ ትከሻ ይስጧት፤ ሐዘንተኛ ገፍቷት ያውቃል፣ ባለሥልጣን አያቅተውም። ስትገፉ ነጩን መብራት እኔ አበራላችኋለሁ።